ሳጅን ዮርክ፦ ከሜዳልያው በፊትና በኋላ

የአንድን የጦር ጀግና ታሪክ ለማጥናት ስትነሡ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የምታገኙት የሽልማት ወረቀቱን ነው። ይህ ወረቀት ግን የሚናገረው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው። የአሜሪካዊውን የአልቪን ዮርክን ሕይወት ብትመረምሩ ይህን በግልጽ ታያላችሁ።

የዮርክ ቀን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1918 ነበረች። በፈረንሳይ፣ በአርጎን ጫካ፣ 17 አሜሪካውያን ወታደሮች ከጀርመኖች መስመር ጀርባ ገቡ። ድንገት መትረየስ ተከፈተባቸው። ስድስቱ ሞቱ፤ መሪያቸውን ጨምሮ ሦስቱ ቆሰሉ። አሥር አለቃ ዮርክ በጠመንጃውና በሽጉጡ ተዋጋ፤ በመጨረሻም ከቀሩት ጓደኞቹ ጋር 132 ምርኮኞችን እየነዳ ተመለሰ። ለዚህም አገሩ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳልያ ሸለመችው።

አሁን ወደ ኋላ ሂዱ። በ1917 የሞላው የውትድርና መመዝገቢያ ካርድ ዛሬም አለ። ከውትድርና ነጻ መሆን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ መዋጋት እንደማይፈልግ ጽፎበታል። በቴኔሲ ተራሮች ያደገው ይህ ገበሬ በወጣትነቱ ጠጪና ተደባዳቢ ነበር፤ በ1915 ግን ሕይወቱን ለጌታ ሰጠ። አባል የሆነባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም ጦርነትን ትቃወም ነበር። ያቀረበው ማመልከቻ ተቀባይነት አላገኘም። በማሠልጠኛው ሰፈር አዛዦቹ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍተው ተከራከሩት፤ ሕዝቅኤል 33 ላይ ስላለው ጉበኛም አነሡለት። ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ አገሩ ሄደ፣ በተራራው ላይ ጸለየ፣ ከዚያም ለመዝመት ወስኖ ተመለሰ።

በዚህ ላይ ሁላችንም አንስማማ ይሆናል። ካርዱን ያላነበበ ሰው ግን ያ ቀን ዮርክን ምን እንዳስከፈለው አይረዳም።

የምስክሮችንም ቃል አዳምጡ። በ1919 አብረውት የነበሩ ወታደሮች በመሐላ የሰጡት ቃል ለሽልማቱ ማስረጃ ሆነ። ከጓዶቹ አንዳንዶቹ ግን የእነርሱ ድርሻ ተረስቷል ብለው በኋላ ቅር ተሰኙ። የቆሰለው መሪያቸው በርናርድ ኧርሊ ሜዳልያ ያገኘው በ1929 ነው። አንድን ጀግና ስታከብሩ አጠገቡ የቆሙትን አትርሱ።

ከጦርነቱ በኋላስ? በ1919 ኒውዮርክ በሰልፍ ተቀበለችው። ስሙን ለንግድ እንዲያውል ብዙ ገንዘብ ቀረበለት፤ ዩኒፎርሙ የሚሸጥ አይደለም ብሎ እምቢ አለ። ወደ መንደሩ ተመልሶ ትዳር ያዘ። እርሱ ራሱ በቂ ትምህርት ስላላገኘ፣ ለተራራው ልጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ደከመ፤ ለዚህም የራሱን እርሻ እስከ ማስያዝ ደረሰ። በ1926 የተመሠረተው ይህ ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል። በ1941 ስለ ሕይወቱ ፊልም እንዲሠራ የፈቀደው ገቢው ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት እንዲውል ብሎ ነበር። ከዚሁ ገቢ የተነሣ የግብር ዕዳ ለዓመታት አስጨነቀው፤ በ1961 የተከፈለለት ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ነው። በ1964 ዐረፈ።

በሰፈራችሁ ወይም በጉባኤያችሁ የዘመቱ አባቶች አሉ። ስትጠይቋቸው በጦርነቱ አትጀምሩ። «አባባ፣ ሳይዘምቱ በፊት ሥራዎ ምን ነበር? ሲመለሱስ ማን ተቀበለዎት?» በሉ። በትዕግሥት ስሟቸው፤ የነገሯችሁን ጻፉ፤ ፎቶግራፍና ወረቀት ካላቸው በፈቃዳቸው ቅጂ ያዙ። እነዚህ አባቶች በየዓመቱ እየተለዩን ነው።