የምርምር ገንዘብና የማይታየው ወጪ

አንድ ተመራማሪ አዲስ ውጤት ባገኘ ጊዜ ስሙ በመጽሔት ይታተማል፤ ገንዘቡን የሰጠው ድርጅትም በምስጋናው ገጽ ይጠቀሳል። በሁለቱ መካከል ሆኖ ውሉን ያዋዋለው፣ ሒሳቡን የያዘውና ለሁለቱም ወገን ዋስ የሆነው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጽሕፈት ቤት በተለይ በአሜሪካ እንዴት እንደተፈጠረ በአጭሩ መግለጽና የኃላፊው ዋነኛ ተግባር ምን እንደሆነ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከገንዘብ ችግር ነው። በ1919 የኮዳክ ኩባንያ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤም.አይ.ቲ.) 4 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ቃል ሲገባ፣ ኢንስቲትዩቱም በበኩሉ በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ዶላር እንዲያሰባስብ አስገደደ። ይህንን ለማሟላት «የቴክኖሎጂ ዕቅድ» የተባለው ዘዴ ተነደፈ። ኩባንያዎች በየዓመቱ የተወሰነ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ኢንስቲትዩቱም ቤተ መጻሕፍቱን፣ የተመራቂዎቹን መዝገብና የመምህራኑን ምክር ይከፍትላቸዋል። ዕቅዱን የሚያስፈጽም የኢንዱስትሪ ትብብርና ምርምር ክፍል ተቋቁሞ በ1920 ሥራ ሲጀምር የኬሚካል መሐንዲሱ ዊልያም ዎከር የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ።

ዕቅዱ ገንዘብ አስገኘ፤ ጥያቄም አስነሣ። የኩባንያዎች ፍላጎት የመምህሩን ጊዜ ሲሻማ መሠረታዊው ሳይንስ ምን ይቀርለታል? ለመሠረታዊው ሳይንስ ይሟገት የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ አርተር ኖይስ በዚያው ዘመን ኢንስቲትዩቱን ለቅቆ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ስለሆነም ጽሕፈት ቤቱ ገና ከመወለዱ ገንዘብ ማምጣት ብቻውን እንደማይበቃና ገንዘቡ በምን ስምምነት እንደሚመጣ መወሰን እንዳለበት ታየ።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በሰኔ 1940 የኢንስቲትዩቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ቫኒቫር ቡሽ የብሔራዊ መከላከያ የምርምር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም የእንግሊዝ ልዑካን ማግኔትሮን የተባለውን የራዳር እምብርት ይዘው ወደ አሜሪካ መጡ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በኤም.አይ.ቲ. የጨረራ ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። ቤተ ሙከራው በ1945 መጨረሻ እስኪዘጋ ድረስ አድጎ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ይዞ ነበር። የውሉ ሸክም የወደቀው በናትናኤል ሴጅ ይመራ በነበረው በኢንዱስትሪ ትብብር ክፍል ላይ ነበር። ኤም.አይ.ቲ. በጦርነቱ ጊዜ ከቡሽ ጽሕፈት ቤት ጋር የተዋዋለው ገንዘብ 117 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር፤ ይህም ከማንኛውም ሌላ ተቋራጭ ይበልጣል።

የውሎቹ መሠረተ ሐሳብ ዩኒቨርሲቲው እንዳያተርፍም እንዳይከስርም የሚል ነበር። በመሆኑም ከቀጥተኛው ወጪ በላይ ከደመወዙ 50 በመቶ ለጋራ ወጪ እንዲታሰብ ተወሰነ። የተመራማሪው ደመወዝና የሚገዛው የመዳብ ቱቦ ይቆጠራሉ። ከራሱ በላይ ያለው ጣሪያ፣ የክረምቱ ማሞቂያ፣ የሌሊቱ ዘበኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ሒሳብ ያዡ ግን ለአንድ ምርምር ብቻ ተለይተው ሊቆጠሩ አይችሉም። እኛ መሐንዲሶች ነገሩን ከሕንፃ መሠረት ጋር ብናመሳስለው ይገባናል፤ መሠረቱ የየትኛው ፎቅ ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ይሁን እንጂ ያለ እርሱ የሚቆም ፎቅ የለም።

ከጦርነቱ በኋላ ይህ ስምምነት ወደ ደንብ ተለወጠ። በ1947 የጦርና የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤቶች የወጪ አተማመን መመሪያ አወጡ፤ በ1958 ደግሞ የበጀት ቢሮው «ኤ-21» የተባለውን ሰርኩላር አወጣ። ከዚያ ወዲህ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በየጊዜው ከመንግሥት ጋር ተቀምጦ የጋራ ወጪውን መጠን የሚደራደር ሰው ሆነ። ይህ መጠን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ለ100 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ 50 ዶላር ቢጨመር መጠኑ 50 በመቶ ይባላል፤ ከጠቅላላው 150 ዶላር ግን የጋራ ወጪው አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው።

መጠኑ የሚጸናው በእምነት እንደሆነ በ1991 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት መጋቢት በጆን ዲንገል የሚመራው የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን ሒሳብ ሲመረምር የአንድ የመዝናኛ ጀልባ የእርጅና ተቀናሽ በምርምር የጋራ ወጪ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ፕሬዚዳንቱ ዶናልድ ኬኔዲ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ የዩኒቨርሲቲውም መጠን ወደ 55.5 በመቶ ዝቅ ተደረገ። በ1994 ጉዳዩ በ1.2 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ በስምምነት አለቀ። ሆኖም የአንዱ ሒሳብ ለሁሉም ተረፈ፤ በ1991 የአስተዳደር ወጪ ከ26 በመቶ እንዳይበልጥ በመላ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ገደብ ተጣለ። ክርክሩም አልቆመም፤ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጋራ ወጪው ለሁሉም 15 በመቶ እንዲሆን ሲወስን ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን አገደው።

የስታንፎርድ ታሪክ ወጪን ማብዛት ምን እንደሚያስከትል ያስተምራል። ወጪን ማሳነስስ? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የትምህርት ተቋም ሲያገለግል በምርምር ዕርዳታ የኮንክሪት ጥንካሬ መፈተሻ ማሽን ተገዝቶ ነበር። የዕቅዱን ሒሳብ ካዘጋጁት አንዱ እኔው ነበርሁ። የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጊያ፣ የማሽኑ መቆሚያ መሠረትና በየዓመቱ የሚደረገው የልኬት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልጉ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ድምሩ ከፍ ቢል ገንዘቡን እናጣለን ብዬ ፈርቼ ሳልጽፋቸው ተውሁ። ሰጪው ድርጅት የጠየቅነውን ሁሉ ሰጠ፤ ማሽኑም ከሳጥኑ ሳይወጣ ሁለት ክረምት አለፈበት። በዚያ ማሽን ላይ የመመረቂያ ሥራቸውን ሊሠሩ ያቀዱ ተማሪዎች ርዕሳቸውን ለመለወጥ ተገደዱ።

በዚያን ጊዜ ሒሳቡን አይቶ «ይህ ማሽን በምን መብራት ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቀን ጽሕፈት ቤት ቢኖር ኖሮ ዕቅዱ ይመለስልን ነበር፤ እኛም እንቀየም ይሆናል። ኃላፊው ግን የተሾመው ለዚህ ነው። ተመራማሪውን የሚያገለግለው የጠየቀውን ሁሉ በመፈረም አይደለም፤ ለሰጪውም ታማኝ የሚሆነው ወጪውን በማሳነስ አይደለም። ሥራው እውነተኛውን ዋጋ ለሁለቱም ወገን መናገር ነው። ከማኅበራችን አባላት መካከል ይህ ወንበር የሚደርሰው ቢኖር ያንን የመጀመሪያ ጥያቄ እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።