የከረመ ነጭ ጋዝ ይሠራል ወይ?

ደብረ ብርሃን ወይ አንኮበር መብራት ሲጠፋ ጓዳ የከረመችው የነጭ ጋዝ ጀሪካን ትታወሳለች። ትሠራለች ወይ? ክዳኗ ጠብቆ ጥላ ውስጥ ከቆየች፣ አዎ። የሚያሰጋው መክረሙ ሳይሆን የተቀላቀለበት ነገር ነው።

አንደኛው ውሃ ነው። ጎደሎ ጀሪካን በብርድ ውስጡን ያላበዋል፤ ውሃው ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ሳትነቀንቁ ከላዩ በጠርሙስ ቀድታችሁ እዩት። ጥርት ካለ ይሠራል፤ ከደፈረሰ ምድጃ ላይ አትጨምሩት።

ሁለተኛው ቤንዚን ነው። ነጭ ጋዝ ትነቱ እሳት የሚይዘው ወደ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን በደብረ ብርሃን ውርጭም ይቀጣጠላል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተታችሁ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በኩራዝም በምድጃም እንዳትለኩሱት አደራ እንላለን።

በሃይላንድም አታስቀምጡት፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።