ካቻቢቴ የያዘ ባለቤት፦ የአሮጌው ሞተር ሳይክል ታሪክና የመጠገን መብት

እ.ኤ.አ. 1974 ሁለት ነገሮች የተገጣጠሙበት ዓመት ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ «ዜን እና የሞተር ሳይክል አጠጋገን ጥበብ» የተባለ መጽሐፉን አሳተመ። ከመታተሙ በፊት ከመቶ በላይ አሳታሚዎች መልሰውበታል። በዚያው ዓመት በጀርመን ኮሎኝ ከተማ በተካሄደ የሞተር ሳይክል ትርኢት ላይ የጃፓኑ ሆንዳ «ጎልድ ዊንግ» የሚባለውን ባለ 999 ሲሲ ማሽን ለዓለም አሳየ።

መጽሐፉ «የምትነዳውን ነገር እወቀው» የሚል ነው። ማሽኑ ደግሞ የተሠራው ነጂው ብዙ ሳይነካካው ረጅም አገር እንዲያቋርጥበት ነበር። ሁለቱ በአንድ ዓመት ብቅ ብለው በተቃራኒ መንገድ የሄዱ ይመስላሉ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያልፍ ግን በአንድ ቦታ ተገናኙ። ይህም አሮጌ ጎልድ ዊንግ ተፈታትቶ በተቀመጠበት፣ ባለቤቱም ቴስተርና ካቻቢቴ ይዞ ከጎኑ በተንበረከከበት የመኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው።

ይህ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ወሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ በዋሽንግተንም በብራስልስም የሚያከራክር አንድ ጥያቄ ከጀርባው አለ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ዕቃ ከፍቶ የመጠገን መብት አለው ወይስ የለውም?

◆ የ25 ሳንቲም ፒን

የፒርሲግ ጉዞ የእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ልጁን ከኋላ አፈናጥጦ ከሚኒሶታ እስከ ካሊፎርኒያ ተጓዘ። የነዳት ባለ 305 ሲሲ ሆንዳ ዛሬ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ንብረት ናት።

በመጽሐፉ ውስጥ ተራኪው ሞተሩ ነክሶ ጋራዥ የወሰደበትን ጊዜ ያወሳል። ወጣቶቹ መካኒኮች ሬዲዮ ከፍተው፣ እየቀለዱ፣ ማሽኑን በመዶሻ ጭምር እየደበደቡ ሠሩት። ገንዘብ ተቀበሉ፤ ሞተሩ ግን አልዳነም። በመጨረሻ ተራኪው ራሱ ፈትቶ ሲፈልግ ምክንያቱን አገኘው። ዘይት ወደ ላይ በሚያደርሰው ክፍል ውስጥ የ25 ሳንቲም ዋጋ ያላት ፒን ተቆርጣ ነበር።

የታሪኩ ቁም ነገር መካኒኮቹ ሙያ አለማወቃቸው አይደለም። ሥራውን ከውጭ ሆነው የሚያዩት ተመልካቾች መሆናቸው ነው። ማሽኑ ተራራ ላይ ቢቆም የሚቀረው ባለቤቱ እንጂ እነሱ አይደሉም። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ልኩን ያገኛል።

ሌላም አለ። የጉዞ ጓደኛው ውድ የጀርመን ቢኤምደብሊው መሪ ሲላላበት ተራኪው ከቢራ ቆርቆሮ ቆርጠን ክፍተቱን እንሙላው ይለዋል። ጓደኛው ቅር ይለዋል። ቆርቆሮው ለስላሳ፣ የማይዝግና ለቦታው ልክ መሆኑ አልታየውም። የታየው «የቢራ ጣሳ» መሆኑ ብቻ ነው። ተራኪው ሥራውን ያያል፣ ጓደኛው ስሙን።

◆ ከሙቅ ውሃ መያዣ የተነሣ ኩባንያ

ሆንዳ ራሱ የተወለደው እንዲህ ባለ ብልሃት ነው። መሥራቹ ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1922 በቶኪዮ አንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ በተላላኪነት ሥራ የጀመረ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በ1946 ጃፓን በጦርነቱ ደቅቃ ሳለች፣ ለጦር ሠራዊት የሬዲዮ መገናኛ ኃይል ያመነጩ የነበሩ ትንንሽ ሞተሮችን ገዝቶ ብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ለመጀመሪያው ሙከራ የቤንዚን ሰርባቶዮ አድርጎ የተጠቀመው አልጋ ለማሞቅ የሚያገለግል የሙቅ ውሃ መያዣ ነው። ትልቁ ኩባንያ የቆመው «ለዚህ አልተሠራም» የተባለን ዕቃ ለሌላ ሥራ በማዋል ነው።

ጎልድ ዊንግ የዚያ ጉዞ ጫፍ ነበር። አራት ፒስተኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። በውሃ ይቀዘቅዛል። በሰንሰለት ፈንታ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስለት ዘንግ ነው። ቤንዚኑ ክብደቱ ወደ መሬት እንዲቀርብ ከመቀመጫው ሥር ተቀመጠ። ከፊት ሰርባቶዮ የሚመስለው ነገር ሳጥን ነው። በውስጡ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችና አንዲት የእግር ማስነሻ ዘንግ አሉ። ባትሪ ቢሞት ነጂው ዘንጓን አውጥቶ ገጥሞ በእግሩ ያስነሣል።

ይህች ዘንግ ብዙ ትናገራለች። አምራቹ እጅግ ዘመናዊ ማሽን ሠርቶም ባለቤቱን አላገለለውም። «አንድ ቀን ትበላሻለች፤ ያን ቀን አንተ አለህ» ብሎታል። በኋላ በመጡት ሞዴሎች ላይ ዘንጓ ቀረች።

አሜሪካውያን ማሽኑን ሲያዩ ለረጅም መንገድ አጯት። መጀመሪያ የንፋስ መከላከያና ሻንጣ አልነበራትም፤ ባለቤቶቹ ከሌሎች እየገዙ ገጠሙላት። ሆንዳ ይህን አይቶ በ1980 መከላከያውንም ሻንጣውንም ከፋብሪካ ገጥሞ ማቅረብ ጀመረ። ማምረቻውንም በዚያው ዘመን ወደ ኦሃዮ ግዛት ሜሪስቪል ወሰደ። ቱሪንግ የሚባለው የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል መልክ የያዘው ከባለቤቶች ጋራዥ ተነሥቶ ነው። ፋብሪካው ተከተለ።

◆ ሦስቱ ቢጫ ሽቦዎች

በ1984 የመጣው ባለ 1200 ሲሲ ሞዴል በባለቤቶቹ ዘንድ በአንድ በሽታ ይታወቃል። በሽታው ባትሪ አለመሙላት ነው። የቤት ጥገና ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሞተሩ ጠዋት አልነሣ ይላል። ባለቤቱ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ያው ነው። ገንዘቡ ሄደ፣ ችግሩ ቀረ። የሚያውቅ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይለካል። ጤነኛ ባትሪ ሳይሠራ ሲቀመጥ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ በደቂቃ 3000 ዙር ገደማ ሲሽከረከር ደግሞ ንባቡ ወደ 14 ቮልት መውጣት አለበት። ካልወጣ ባትሪው አይደለም ጥፋተኛው፤ የሚሞላው ነው።

ቀጥሎ ከዲናሞው የሚመጡት ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ይነቀላሉ። በየሁለቱ መካከል ተለዋዋጭ ቮልት ይለካል። ሦስቱም ንባብ ተቀራራቢና ከፍ ያለ፣ ሃምሳ ቮልት አካባቢና ከዚያ በላይ ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ሬጉሌተሩ ይዞራል። አንዱ ከሌሎቹ ከወረደ ወይም ከሽቦዎቹ አንዱ ከሞተሩ አካል ጋር ከተገናኘ ጥቅል ሽቦው ተቃጥሏል።

ብዙ ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ዓይን ይበቃል። ሦስቱ ሽቦዎች የሚገናኙበት የፕላስቲክ ሶኬት ጠቁሮና ቀልጦ ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሶኬቱ ውስጥ ያለው ብረት በዕድሜ ሲዝግ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያልፍበትም። ያልቻለው ይሞቃል። ሙቀቱ ደግሞ ዝገቱን ያብሳል። ባለቤቶቹ ያገኙት መድኃኒት ሶኬቱን ቆርጦ መጣልና ሽቦዎቹን አንድ ለአንድ በሊድ መበየድ ነው። ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ሶኬቱ ሳይሆን ጥቅል ሽቦው ከተቃጠለ ነገሩ ይከብዳል። የሚገኘው ከሞተሩ ጀርባ ስለሆነ ሞተሩ በሙሉ መውረድ አለበት። የአሜሪካ ጋራዥ ለዚያ የሚጠይቀው የእጅ ዋጋ ከአሮጌዋ ሞተር ሳይክል ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ያረጀ ሞዴል ጭራሹን የማይቀበሉ ወኪሎችም አሉ። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ብረታ ብረት መሸጥ፣ ወይ በቤት መሥራት። አንዳንድ ባለቤቶች ሦስተኛ መንገድ ፈጠሩ። የትንሽ መኪና ዲናሞ ከሞተሩ ፊት ገጥመው በቺንጊያ ማዞር ጀመሩ። የሙቅ ውሃ መያዣውን ሰርባቶዮ ያደረገው ሰው ቢያይ የሚያፍርበት ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚታየው የድፍረት ጉዳይ ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው። ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከሚታየው ወደ ተደበቀው፣ ከመለካት ወደ መግዛት። ገምቶ ዕቃ የሚቀይር ሰው ከደብተራ ወደ ደብተራ እንደሚዞር በሽተኛ ነው፤ ኪሱ ይራቆታል እንጂ አይድንም።

◆ ዕውቀቱ ከየት መጣ?

ባለቤቶች ይህን ሁሉ ብቻቸውን አልፈለሰፉትም። እንግሊዛዊው ጆን ሄይንስ በአየር ኃይል ሲያገለግል የጓደኛውን አሮጌ መኪና እየፈታ ፎቶ አነሣው። ያ ሥራ በ1966 የመጀመሪያው የሄይንስ የጥገና መጽሐፍ ሆነ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። መኪናውን በእጅ ፈትቶ፣ ያንኑ በፎቶ እያሳዩ ለተራ ሰው ማስረዳት። የሞተር ሳይክል መጽሐፎችም በዚሁ መንገድ ተከተሉ።

የጎልድ ዊንግ ነጂዎች ደግሞ በ1977 በአሪዞና የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በ2022 ሥራውን አቆመ። አባላቱ እያረጁ ነው፤ ማሽኑ በመጽሐፍ የማይገኝ ልምድ ይፈልጋል፤ ልምዱ ደግሞ ያለው በእነዚህ ሽማግሌዎች እጅ ነው። ዕውቀት ወራሽ ካጣ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ይሞታል።

◆ ክርክሩ ወደ ሕግ ሲገባ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣችው የማግነሰን–ሞስ የዋስትና ሕግ አንድ አምራች «የእኔን መለዋወጫ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ይቀራል» እንዳይል በመሠረቱ ይከለክላል። ሕጉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በሰኔ 2022 የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሃርሊ ዴቪድሰንን በዚሁ ጉዳይ ከሰሰ። ኩባንያው በደረሰበት ስምምነት መሠረት ያን የዋስትና ቃል እንዲያነሣና ደንበኞች ሌላ ዕቃና ሌላ ጋራዥ ቢጠቀሙም መብታቸው እንደማይጓደል እንዲያሳውቅ ታዘዘ።

የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የመጠገን መብት መመሪያ አውጥቷል። ማጠቢያ ማሽን፣ ማቀዝቀዣ፣ ስልክ ይገኙበታል። እንደ ጎልድ ዊንግ ያለ ሞተር ሳይክል ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የአምራቾች መልስ ባዶ አይደለም። ቢኤምደብሊው በ1988 የፍሬን መቆለፍን የሚከላከለውን ኤቢኤስ ሞተር ሳይክል ላይ ሲያወጣ የሰው ሕይወት የሚያድን ነገር ነበር ያመጣው። የኤሌክትሮኒክስ የቤንዚን አሰጣጥ ከካርቡሬተር ያነሰ ጭስ ያወጣል፤ ብልሽቱም ያንሳል። በቤት የተበላሸ ፍሬን ደግሞ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን መንገደኛውንም ይገድላል። በጎልድ ዊንግ ላይ እንኳ የሞተሩን ቫልቮች የሚያዛምዱት ቺንጊያዎች በስህተት ቢገጠሙ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በቤት መሥራት ማለት እንደልብ መነካካት ማለት አይደለም።

ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያስረዳው ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ነው፤ መረጃ መደበቅ እንደሚያስፈልግ አይደለም። ፍሬን አደገኛ ከሆነ መፍትሔው ትክክለኛውን አገጣጠም ማሳተም ነው። የ2018 ጎልድ ዊንግ ያለ ቁልፍ ይነሣል፣ ስልክ ከስክሪኑ ጋር ያገናኛል። ጥሩ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ሶኬቱ ሲቀልጥ ግን በቴስተር የሚታይ ይሆናል ወይስ በኮምፒውተር የተቆለፈ? የዛሬው ክርክር መልሱን የሚወስነው ለዚያን ቀን ነው።

◆ ለኢትዮጵያም የማይቀር

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትን ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ዞራለች። በአገሪቱ ጋራዦች ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ካቻቢቴ፣ ሰርባቶዮ የሚሉት የጣሊያንኛ ቃላት አማርኛ የሆኑት መካኒኮች የባዕድ ማሽን ፈትተው ስለተማሩ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ አገር የሆነው አሮጌ ዕቃ ሁለተኛና ሦስተኛ ሕይወት ስለሚያገኝ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት የቆመው ብሎን ተፈትቶ ውስጡ ይታያል በሚል እምነት ላይ ነው።

አዲሶቹ መኪኖች ግን በሶፍትዌር የሚናገሩ ናቸው። ቋንቋውን ማን ይማራል? አምራቹስ ያስተምራል ወይስ ይቆልፋል? የማስገቢያ ፖሊሲ የሚያወጣ መንግሥት መኪናው ሲገባ የጥገና መረጃው፣ መመርመሪያውና መለዋወጫው አብሮ እንዲገባ ካልጠየቀ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በየግቢው የቆመ የሚያምር ብረት ይተርፈዋል።

የ1974ቱ ማሽን ሳጥን ውስጥ የተቀመጠችው የማስነሻ ዘንግ ምናልባት በባለቤቷ ሕይወት አንድ ቀን ብቻ ታገለግላለች። ያን አንድ ቀን ግን ባለቤቱ ባለቤት ይሆናል። የዛሬው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ከማሽኑ ጋር ዘንጓም ትሸጣለች ወይስ በአምራቹ እጅ ትቀራለች?