ምን እናጥፋ፣ ምን እናቆይ?

ስልካችን «ሞልቻለሁ» ሲለን ፎቶ ማጥፋት እንጀምራለን። የደበዘዘው ይሄዳል፤ ዓይኑን የጨፈነውም ይከተላል። ለመሆኑ ፎቶ ማጥፋት ከስልክ ጋር የመጣ ይመስላችኋል? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ጓደኛሞች አብረው የተነሱት ፎቶ ራሱ ሊያስጠረጥር ይችል ነበር። አልበማቸውን በመቀስም በእሳትም ያሳሱ ቤቶች ነበሩ።

ታዲያ የተረፉት የት ደረሱ? በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የሟቾቹ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ሲነሱ ተራ ፎቶ ነበሩ።

የዚያን ጊዜ ሰው ያጠፋው ፈርቶ ነው። እኛስ? «አላማረም» ብለን! እስቲ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እንመልከት። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ጤፍ ይዘራበት፣ ከብት ይሰማራበት የነበረው ብዙ ቦታ ዛሬ ፋብሪካና መኖሪያ ሆኗል። ያን መስክ ብሎ ፎቶ ያነሳ ሰው ጥቂት ነው፤ መስኩ ሙሽሮች ሲነሱ ከኋላ የገባ ነው። የሙሽራዋ ፊት ቢደበዝዝም መሬቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱን ስናጠፋ አብሮ የሚሄደው የሠፈሩ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ነገም ሊነሳ የሚችለውን አጥፉ፤ የአንድ ማኪያቶ ሃያ ፎቶ ለማን ይጠቅማል? ተመልሶ የማይነሳውን ግን አቆዩ። የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉበት። የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቁ።