ከእስክንድርያ እስከ ጎፋ፦ የአገር ነፃነትና የመንፈስ ነፃነት

ከሜክሲኮ ተነሥቶ በቄራ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ጎፋ ሲደርስ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። በዚህ ደብር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ የነበሩት የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም ዐርፏል። ከጎፋ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ መካኒሳ የደረሰ ሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ያቋቋመችውን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ያያል፤ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ሁለቱ አባቶች በሥርዓተ እምነት የሚለያዩ ሲሆኑ፣ በአንድ ወር፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም.፣ በአንድ መንግሥት እጅ ተገደሉ። ሁለቱም ስፍራዎች ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የማንም ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የራስዋን ፓትርያርክ ካገኘች ሃያ ዓመት ሆኗት ነበር። እንግዲህ የአገር ነፃነት በእጅ እያለ፣ ቤተ ክርስቲያንም ራስዋን ችላ ሳለ፣ ለመንፈስ ነፃነት መሞት ለምን አስፈለገ? ጥያቄው ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ይወስደናል።

ፍሬምናጦስ በአራተኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ ከመጣ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ጳጳስ የሚላከው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። ንጉሡ ከአገር ተወላጅ፣ ጳጳሱ ከባዕድ እየሆነ ዘመን በዘመን ላይ አለፈ። ጳጳሱ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ ድረስ ቄስና ዲያቆን የሚክን፣ ታቦት የሚባርክ ይታጣ ነበር። ይህ ልማድ በሕግ የታሰረም ነበር። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንታቸው መካከል የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክለው አንቀጽ፣ የኒቅያ ጉባኤ ውሳኔ ነው ተብሎ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ሲነበብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው ጉባኤ ያወጣቸው ቀኖናዎች ግን ሃያ ናቸው፤ ይህ አንቀጽ ከእነርሱ መካከል አይገኝም፤ በኋላ ዘመን በዐረብኛ ከተጻፉት የገባ ነው። ሊቃውንቶቻችን አንቀጹን እያነበቡ፣ በሥልጣን ደረጃ ለሌላ አገር ሰው እየታዘዙ፣ ድጓውን፣ ቅኔውንና አንድምታውን ግን ከማንም ሳይጠይቁ በራሳቸው አስፋፍተው ኖረዋል። የመንፈስ ነፃነት ከሹመት ደብዳቤ ጋር ብቻ የማይሄድ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምስክር አላውቅም።

ነገሥታቱ ግን ዝም አላሉም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1881 አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ፤ አራቱም ግብፃውያን ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ አቡነ ማቴዎስ በ1888 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ዐድዋ ድረስ ዘመቱ። ለአፍሪካ ሁሉ መኩሪያ የሆነው ድል የተገኘበት ጦር የሚባረከው በውጭ አገር ጳጳስ ነበር። ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው በደቡብ አፍሪካ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ጥቁር ሰባኪ ከነጮች ሚሲዮናውያን የበላይነት ተለይቶ በፕሪቶሪያ ቤተ ክርስቲያን ሲያቆም «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ሰየማት። ስማችንን ለመንፈሳዊ ነፃነት ምልክት ያደረጉ ሰዎች ሲገኙ፣ እኛ ራሳችን የገዛ ጳጳስ አልነበረንም።

አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጳጳሳት ከኢትዮጵያውያን እንዲሾሙ ከእስክንድርያ ጋር ብርቱ ክርክር አደረጉ። በግንቦት 1921 ዓ.ም. አራት መነኮሳት ካይሮ ላይ ተሾሙ፤ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ይባላሉ። የበላይ ሆነው የመጡት አቡነ ቄርሎስ ግን አሁንም ግብፃዊ ነበሩ፤ አራቱም ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ግማሽ ነፃነት ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ስምንት ዓመት ሳይሞላ ይህ ግማሽ ነፃነት በደም ተፈተነ።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች በጣሊያን እጅ የነበረችውን አዲስ አበባን አጠቁ፤ አልቀናቸውም። ከአርበኞቹ ጋር የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ። ለጣሊያን መንግሥት እንዲገዙና አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ አሻፈረኝ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ሞቱ። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ሆኑ። በእኔ አስተያየት አቡነ ጴጥሮስን አርበኛ ብቻ ብሎ መጥራት ታሪካቸውን ማሳነስ ነው። ጠላት ከእርሳቸው የጠየቀው ጠመንጃ አልነበረም፤ የጵጵስናቸውን ቃል ነበር። ውግዘትና ቡራኬ በመንግሥት ትእዛዝ የሚሰጥ ዕቃ አለመሆኑን በሞታቸው አሳዩ።

የጣሊያን መንግሥት ትምህርቱን ገብቶት ኖሮ ሌላ መንገድ ሞከረ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮማ በላከው ቴሌግራም መጀመሪያ 297 መነኮሳት፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን አስታውቋል፤ በኋላ የተደረገው ምርምር ቁጥሩን ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ይኸው አገዛዝ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ነፃ ወጥታለች ብሎ ዐወጀ፤ አቡነ ቄርሎስ ወደ ግብፅ ሄደው ስለ ነበር አቡነ አብርሃምን የበላይ አደረገ። አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት የለመኑት ነገር፣ ገዳም ባቃጠለ እጅ ተሰጠ! የእስክንድርያ ሲኖዶስ ሹመቱን አወገዘ። አቡነ አብርሃም በምን ሐሳብ እንደ ተቀበሉ መፍረድ ለእኛ ቀላል ነው፤ በዚያ ዓመት ማነቆው በማን አንገት እንደ ነበረ ማሰብ ግን ይገባል። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ከእስክንድርያ መለየት ብቻውን ነፃነት ቢሆን ኖሮ፣ ነፃ ያወጣን ግራዚያኒ ነው ማለት በሆነ ነበር።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ድርድሩ ተቀጠለ። ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፤ አቡነ ባስልዮስና አቡነ ቴዎፍሎስ ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። ጥር 6 ቀን 1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ነገር ግን ከግብፅ የተፈታው ማሰሪያ ጫፉ ወደ ቤተ መንግሥት ዞረ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ፣ የጳጳሳቱን ምርጫ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ላይ አቆመው። ጥበቃው ክብር ነበረው፤ ጥላውም ሰፊ ነበር። ከጥላው ሥር ያለ ሰው ግን ዛፉ ሲወድቅ አብሮ መጐዳቱ አይቀርም።

በዚያው በ1951 ዓ.ም.፣ በጥር ወር፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገር አቀፍ ሆና ተቋቋመች። የእርስዋ ጥያቄ ከእስክንድርያ ጋር አልነበረም፤ ገንዘቡና ሐሳቡ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ከሚመጣባቸው ሚሲዮኖች ጋር ነበር። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና ጸሐፊ የሆኑት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ይህን በግልጽ አነሡት። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ለጋሾች ለልማት ሥራ በርካታ ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል አገልግሎት ግን እጃቸውን መሰብሰባቸውን ነቀፈች፤ ሰው ሥጋና ነፍሱ የማይከፋፈል አንድ ፍጡር ነው አለች። ጥያቄው የገንዘብ ቢመስልም፣ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚያስፈልጋት የምትወስነው ራስዋ ናት ወይስ ለጋሹ የሚል ነበር። በጎፋ በኩል የነበረው ክርክር በመካኒሳ በኩል በሌላ ቋንቋ ይነገር ነበር ማለት ነው።

አብዮቱ ሲፈነዳ ሁለቱም ተፈተኑ። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ርስት ወሰደ፤ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያንነቷም ቀረ። በሕግ ፊት ሃይማኖትና መንግሥት ተለያዩ። በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሾሙት አቡነ ቴዎፍሎስ፣ ከተለያየን እንግዲያው ጳጳስ ለመሾም የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም ያሉ ይመስላል፤ በ1968 ዓ.ም. ለደርግ ሳያስታውቁ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ። በየካቲት ወር ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። ከሦስቱ ጳጳሳት አንዱ፣ ለዓመታት ታስረው የተፈቱት አቡነ ጳውሎስ፣ በ1984 ዓ.ም. አምስተኛ ፓትርያርክ ሆነዋል። በቦታቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲሾሙ፣ ፓትርያርኩ በሕይወት ሳሉ ሌላ ሊሾም አይገባም ብላ ሹመቱን አልቀበልም ያለችው እስክንድርያ ናት። ለዘመናት ነፃነታችንን ስትከለክል የኖረችው መንበር፣ በዚያ ቀን ለነፃነታችን የቆመች ብቸኛ እኅት ሆነች።

አቡነ ቴዎፍሎስ ሐምሌ 7 ቀን 1971 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ተገደሉ። ቄስ ጉዲና ደግሞ ከአገር እንዲወጡ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁልየስ ኔሬሬ በኩል መንገድ ተከፍቶላቸው፣ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀርተው ነበር። ሐምሌ 21 ቀን፣ ማለትም ፓትርያርኩ በሞቱ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የሁለቱም ሞት ለምእመናኑ አልተነገረም። ስሙ የሽቦ አልባውን መልእክት የሚያስታውሰው ንፋስ ስልክ እንኳ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ወሬያቸውን አልሰማም። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ዐፅማቸው ከተጣለበት ተፈልጎ ወጣ። የፓትርያርኩ ዐፅም በታላቅ ሥርዓት ታጅቦ፣ እርሳቸው ራሳቸው ወዳሠሩት ወደ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ሄደ።