የአንጎል ግንድ የመስማት ምላሽ

የጆሮ ሐኪሞች በምህፃረ ቃሉ «ኤቢአር» ለሚሉት ምርመራ የሚስማማው አማርኛ «የአንጎል ግንድ የመስማት ምላሽ» ይመስለኛል። «ምላሽ» የምለው መሣሪያው የሚመዘግበው መስማትን ራሱን ሳይሆን ድምፅ ሲመጣ ነርቮች የሚሰጡትን መልስ ስለሆነ ነው።

የአንጎል ግንድ ትልቁን አንጎል ከሕብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለው ኮክሊያ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ የመስማት ነርቭ ደግሞ ምልክቱን ወደ ግንዱ ያደርሳል። መጀመሪያ የሚቀበሉት እዚያው ጎን ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። ከዚያ አብዛኛው ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል። ቀጥሎ ያለው ክፍል በቅርጹ ምክንያት በወይራ ስም ይጠራል፤ የሁለቱ ጆሮዎች ምልክት በዋናነት መጀመሪያ የሚገናኘውም እዚህ ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ የሚደርሰው አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ወይራው ግን ይህችን ልዩነት ይለያታል፤ ከኋላችን የጠራን ሰው በየት በኩል እንዳለ የምናውቀው በዚህ ነው።

ምርመራው በሕፃን ላይ የሚሠራው ሕፃኑ ጠብቶ ሲተኛ ነው። ግንባሩና የጆሮው ጀርባ ላይ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ በጆሮው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይለቀቃል። ምላሹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮቮልት ያነሰ ስለሆነ በሌላው የአንጎል እንቅስቃሴ ይዋጣል። ስለዚህ መሣሪያው ድምፁን ከሺህ ጊዜ በላይ እየደጋገመ አማካዩን ያወጣል፤ ያኔ ሞገዶቹ ይወጣሉ። ተመራማሪዎቹ ጄዌትና ዊሊስተን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት በቁጥር ለይተዋቸዋል። አንደኛው ከነርቩ ይነሣል። አምስተኛው ከግንዱ ላይኛ ክፍል የሚመጣ ሲሆን በአዋቂ ሰው ላይ ጠንከር ያለ ድምፅ ከተሰማ ከ6 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከረዘመ መንገዱ ላይ ችግር አለ ማለት ነው፤ ነርቩን የተጫነ ዕጢ ሊሆን ይችላል።

ሕፃኑ አንድ ጊዜ ምርመራውን ስላላለፈ መስማት የተሳነው ነው አይባልም፤ ጆሮው ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ብቻውን ምላሹን ሊያደበዝዘው ስለሚችል ምርመራው መደገም አለበት። በተለይ የወፍ በሽታ በጣም የጠናበት ሕፃን ይህ ምርመራ ሊቀርበት አይገባም። ደሙ ውስጥ የተከማቸው ቢሊሩቢን የመስማት ነርቩንና ግንዱን ሊጎዳ ይችላል፤ ኮክሊያው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ኮክሊያን ብቻ የሚፈትሽ ምርመራ እንዲህ ያለውን ልጅ «ጤነኛ ነው» ብሎ ያሰናብተዋል።