የ2024 አውስትራሊያን ኦፕን ውጤቶች፦ ማን አሸነፈ? እንዴት አሸነፈ?

ስለ ሜዳ ቴኒስ ጻፉልን ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ይሄን ሴቭ አድርጉት፤ የሜልቦርኑን ውድድር ውጤት በፈለጋችሁ ጊዜ የምታገኙት እዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ቴኒስ ውስጥ ‘ሴት’ የሚባለውን በአማርኛ ስንጽፈው ከሴቶች ውድድር ጋር ስለሚምታታ እዚህ ‘ክፍል’ እንለዋለን። አንድን ክፍል ለማሸነፍ በሁለት ልዩነት 6 ጌም ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ 6 ለ 6 ከሆኑ ታይብሬክ ይመጣል። ወንዶች ከ5 ክፍል 3 ያሸነፈ፣ ሴቶች ከ3 ክፍል 2 ያሸነፈ ያልፋል። በቃ፣ ይሄን ካወቃችሁ ውጤት ማንበብ ትችላላችሁ።

አውስትራሊያን ኦፕን ከአራቱ ግራንድ ስላሞች የዓመቱ የመጀመሪያው ሲሆን በጠንካራ ሰማያዊ ሜዳ ላይ ነው የሚካሄደው። የ2024ቱ ጥር 5 ቀን 2016 ዓ.ም እሁድ ተጀምሮ ጥር 19 አበቃ። በእሁድ ሲጀምር ያ የመጀመሪያው ነበር።

የወንዶች ፍጻሜ፦ ያኒክ ሲነር ዳኒል ሜድቬዴቭን 3-6፣ 3-6፣ 6-4፣ 6-4፣ 6-3 አሸነፈ።

ይሄ ውጤት ብቻውን ፊልም ነው። እኛ ጋ እሁድ ረፋድ 5:30 ሲጀምር ሜድቬዴቭ ሌላ ሰው ነበር፤ ወደፊት ተጠግቶ እየመታ የ22 ዓመቱን ጣሊያናዊ መፈናፈኛ አሳጣው። ሁለት ክፍል ወሰደ። አንድ ብቻ ነው የቀረው። ግን እግሩ ከዳው። እንዴት አይከዳው? በሁለተኛው ዙር ሩሱቩኦሪን ከሁለት ለዜሮ ተነስቶ ያሸነፈው በሜልቦርን ሰዓት ከሌሊቱ 9:39 ላይ ነው። ሁርካዥን በ5 ክፍል ጣለ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ዝቬሬቭን እንደገና ከሁለት ለዜሮ ተነስቶ 5-7፣ 3-6፣ 7-6፣ 7-6፣ 6-3 ረታ። በጠቅላላ ውድድሩ ሜዳ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ቆይቷል። ሙሉ ቀንና ሌሊት ማለት ነው!

ሲነር ደግሞ እስከ ፍጻሜው የተሸነፈው አንድ ክፍል ብቻ። እሱንም የወሰደበት ጆኮቪች ነው። የሜልቦርን 10 ዋንጫ ያለውን ጆኮቪች፣ እዚያ ግማሽ ፍጻሜ ተሸንፎ የማያውቀውን ሰውዬ፣ 6-1፣ 6-2፣ 6-7፣ 6-3 ሸኘው። ጆኮቪች በጨዋታው ሙሉ የሲነርን ሰርቭ ለመስበር አንድም ዕድል አላገኘም። በእኛ እምነት ዋንጫው ግማሹ የተወሰነው እዚያ ነው፤ አንዱ ትኩስ ሆኖ ሲመጣ ሌላው ደክሞ መጣ።

ሲነር በ1976 ሮላንድ ጋሮስን ካሸነፈው ፓናታ ወዲህ ግራንድ ስላም በነጠላ ያነሳ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ወንድ ሆነ። ሜድቬዴቭ ያሳዝናል። በ2022ም እዚያው ሜዳ ላይ ናዳልን ሁለት ለዜሮ እየመራ ተሸንፏል።

የሴቶች ፍጻሜ፦ አሪና ሳባሌንካ ዠንግ ቺንዌንን 6-3፣ 6-2።

እዚህ ብዙ የሚወራ የለም፤ ሳባሌንካ አላስጠጋቻትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ክፍል ሳትሸነፍ የ2023 ዋንጫዋን አስከበረች። ከአዛሬንካ (2012 እና 2013) በኋላ ይሄን ያደረገ አልነበረም። ከባዱ ጨዋታዋ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ኮኮ ጎፍን 7-6፣ 6-4 ያሸነፈችበት ነው። በሌላኛው በኩል ዠንግ ከማጣሪያ ተነስታ የመጣችውን ያስትሬምስካን 6-4፣ 6-4 አልፋለች። በወቅቱ የዓለም ቁጥር አንድ የነበረችው ሽቪዮንቴክ ደግሞ በሦስተኛው ዙር ያኔ ታዳጊ በነበረችው ኖስኮቫ ተሰናብታለች።

ያመለጣችሁ ጉድ፦ በሁለተኛው ዙር ብሊንኮቫ ሪባኪናን ያሸነፈችው በ22 ለ 20 ታይብሬክ ነው። የመጨረሻው ክፍል ታይብሬክ እኮ 10 ነጥብ ላይ ያልቃል ተብሎ የሚታሰብ ነው!

ጥንዶች፦ በወንዶች ቦፓና እና ኤብደን ቦሌሊና ቫቫሶሪን 7-6፣ 7-5 አሸነፉ። ህንዳዊው ቦፓና ያኔ 43 ዓመቱ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ በወንዶች ጥንድ የመጀመሪያ ግራንድ ስላሙን አነሳ፣ የዓለም ቁጥር አንድም ሆነ። አርጅቻለሁ የምትሉ የ25 ዓመት ልጆች የት ናችሁ? በሴቶች ሼ ሱ-ዌይ እና መርተንስ ኦስታፔንኮና ኪቼኖክን 6-1፣ 7-5። ሼ በድብልቅ ጥንድም ከፖላንዱ ዚዬሊንስኪ ጋር ሆና ክራውቺክና ስኩፕስኪን 6-7፣ 6-4፣ 11-9 ስላሸነፈች ሁለት ዋንጫ ይዛ ነው የሄደችው።

ብሩስ? ጠቅላላ ሽልማቱ 86.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። የነጠላ አሸናፊዎች፣ ወንዱም ሴቷም እኩል፣ 3.15 ሚሊዮን ወስደዋል። በዋናው ውድድር በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ የተመለሰ 120 ሺህ አግኝቷል።